የመንደር የአርበኞች ሐውልት ሲሰነጠቅ፦ ስሞቹን ሳናጠፋ እንዴት እንጠግነው?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል። ከሐይቅ ይደወላል፣ ከውጫሌ ይደወላል፣ ከወረኢሉ ፎቶ ይላካል። «የአርበኞቹ ሐውልታችን ተሰነጠቀ፣ ስማቸውም እየረገፈ ነው። ቅሬው (እድራችን) ብር አዋጥቷል። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንግዛ?» መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሲሚንቶ አትግዙ። ቀጥሎ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ይመጣል። በተቆራረጠ ስልክ ይህን ሁሉ ማስረዳት ስለማይቻል አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ነው።

ግንበኛ ነኝ። በእናቴ አገር ያለውን ሐውልት በአንድ ወቅት በሲሚንቶ የለሰንኩት እኔው ነኝ። ሥራው ሲያልቅ አምሮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ መረቁን። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተነሳ፤ ሲወድቅም የድንጋዩን ፊት ይዞ ወደቀ። ሦስት ስም አብሮ ሄደ። ሁለቱን ከዘመድ ጠይቀን አገኘን። የሦስተኛውን ስም እስከ ዛሬ የሚያስታውስ አልተገኘም። እናንተ ጋ ይህ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

መመሪያው በድንጋይና በኖራ ወይም በድንጋይና በጭቃ ለተሠራ፣ ከመሬት ቆሞ ወይም በአጭር መሰላል ለሚደረስ ሐውልት ነው። ሐውልታችሁ ከዘመመ፣ በጣም ረጅም ከሆነ ወይም ስንጥቁ ከመሠረቱ ተነስቶ ላይ ድረስ ከሄደ መሐንዲስ ሳያየው አትንኩት። ከመጀመሪያውም በሲሚንቶ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በሲሚንቶ መጠገን ይቻላል። ስለ ውኃ፣ ስለ ጽዳት፣ ስለ ስሞቹና ስለ ብረቱ የምለው ግን ለሁሉም ይሠራል።

መቼ ይሠራ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዝናቡ አባርቷል፣ ድንጋዩ ግን ገና አልነደደም። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ሳይጠነክር ዝናብ ከመታው ይታጠባል፣ ውርጭ ከመታው ይፈረፈራል። መቄት፣ ዋድላ፣ ደላንታ ያላችሁ ሰዎች የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ በፊት ጨርሱ። ቆቦና ከሚሴ አካባቢ ደግሞ ችግሩ ፀሐይ ነው፤ ጥላ ሳትሠሩ አትጀምሩ። የበልግ ዝናብ ያላችሁ አገሮች ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ አትመኑት።

የሚያስፈልጋችሁ

- በከረጢት የሚሸጥ ነጭ የኖራ ዱቄት። ያልረጠበና ያልጓጎለ ይሁን። አየር ሲያገኘው የከረመ ኖራ ኃይሉን ጨርሷል፤ አይዝም።
- የወንዝ አሸዋ። በመዳፍ ሲታሽ የሚከረክር እንጂ እንደ ዱቄት የሚለሰልስ አይሁን።
- የተሰበረ እንስራ ወይም ጋን፣ ተወቅጦ በጥሩ ወንፊት የተነፋ። ዘይት የጠጣ የምጣድ ስባሪ አይሆንም።
- በርሜል፣ ባልዲ፣ ወንፊት፣ አካፋ፣ የግንበኛ ማንኪያ።
- በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት፣ ትንሽ መሮ፣ ቀላል መዶሻ።
- የፕላስቲክ ወይም የፀጉር ብሩሽ፣ ከእንጨት የተቀረጸ መፋቂያ።
- ጆንያ፣ ውኃ መርጫ፣ ንጹሕ ውኃ።
- የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ።
- ደብተር፣ እርሳስ፣ ስልክ፣ የእጅ ባትሪ።

ወደ ቦታው ድርሽ እንዳይሉ የምለምናችሁ ደግሞ አሲድ፣ በረኪና፣ ኦሞ፣ ቫርኒሽ፣ ሬንጅና በግፊት ውኃ የሚረጨው የመኪና ማጠቢያ ናቸው።

1. ፈቃድ ጠይቁ፣ ሰው ሰብስቡ

መጀመሪያ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሐውልቱ በቅርስነት መመዝገቡን አጣሩ። ከተመዘገበ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መጠገን አይቻልም። ባይመዘገብም ለወረዳውና ለቀበሌው በጽሑፍ አሳውቁ፤ ሥራው መሐል ላይ «ማን ፈቀደላችሁ?» ከሚባል ይሻላል።

ቀጥሎ የቅሬውን ዳኛ፣ ሸሁንና ቄሱን፣ ስማቸው የተጻፈውን ሰዎች ቤተሰብ ጥሩ። እኛ አገር በአንድ ድንጋይ ላይ ሰይድና ወልደ ጊዮርጊስ ከላይና ከታች ተጽፈው ነው የሚገኙት፤ የአንዱ ቤተሰብ ተጠርቶ የሌላው እንዳይቀር። ይህን የምለው ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ደረጃ የደበዘዘውን ስም የሚያነቡላችሁ እነሱ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሐውልቱ ሥር አጽም ሊኖር ይችላል፤ አትቆፍሩ። ዙሪያውን ስታጸዱ ጥይት፣ ቀለህ ወይም የማታውቁት ብረት ካገኛችሁ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፤ ልጆችን አርቁና ለፖሊስ ደውሉ። አሮጌ የመድፍ ጥይት ለጌጥ የተተከለባቸው ሐውልቶችም አሉ። ለዓመታት ስለቆመ ብቻ ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ።

2. አንድም ነገር ሳትነኩ ጽሑፉን መዝግቡ

ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እኔም ዘልዬው ነው የተጎዳሁት። ያ ቀን ስልኬን አውጥቼ አንድ ፎቶ አንስቼ ቢሆን ኖሮ ያ ስም ዛሬ አይጠፋም ነበር።

ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ቀረብ ብላችሁ አንሱ። የደበዘዘ ጽሑፍ በቀን ፊት ለፊት ሲታይ አይነበብም። ማታ ሂዱ። ባትሪውን ከድንጋዩ ጎን አስጠግታችሁ መብራቱ ፊቱን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጉ። የተቀረጸው ጎድጓዳ ጥላ ይይዛል፤ ቀን ያልነበረው ፊደል ብቅ ይላል። ብርሃኑን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ፤ አንዱ ፊደል ከግራ ሲታይ ሌላው ከላይ ነው የሚታየው።

ፊደሉን ለማጉላት ብላችሁ ከሰል ወይም ጠመኔ አትቀቡ። ወረቀት ደግፋችሁም አትፈትጉ። የላላ ድንጋይ ከሆነ ፊቱ ተነስቶ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ሁለት ሰው ለየብቻው አንብቦ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ በኋላ አስተያዩት። የማይነበበው ፊደል ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ እንጂ በግምት አትሙሉት። ሦስት ነገር ተጠንቀቁ፦

- አጻጻፉን አታርሙ። «ኃይሌ» ተብሎ የተቀረጸውን «ሀይሌ»፣ «ፀጋ» የተባለውን «ጸጋ» አታድርጉ። ያ የጻፈው ሰው እጅ ነው።
- ማዕረጉን አትዝለሉ። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ አስር አለቃ የሚለው ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች የሚለየው ነው።
- ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ጻፉ። አንዱ ሐውልት ላይ ፲፱፻፳፰ ይላል፣ ሌላው ላይ 1936 ይላል። የማይጨው ጦርነት በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 1928፣ በፈረንጆቹ 1936 ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ስህተት ነው» ብሎ የሚያቃና ሰው እንዳይመጣባችሁ። ፮ እና ፯ ደግሞ ሲደበዝዙ ይምታታሉ፤ በባትሪ ደግማችሁ እዩ።

3. ውኃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ

ስንጥቁ በሽታው አይደለም፣ ምልክቱ ነው። አብዛኛውን ሐውልት የሚያፈርሰው ውኃ ነው። ከላይ በአናቱ ይገባል፣ ከታች በመሠረቱ ይሳባል፣ ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣና ጨው ድንጋዩ ፊት ላይ ሲደርቅ ፊቱን ይገፋዋል። ከሥር ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ምንጩን ሳትዘጉ ብትለስኑ የሚቀጥለው ክረምት ያፈርሰዋል።

ከተቻለ ሐምሌ ላይ ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ። የት ይቋጥራል? ከየት ይንጠባጠባል? የዝናብ ጊዜ ካለፈ በጀሪካን ቀስ አድርጋችሁ አናቱ ላይ አፍስሱና የሚሄድበትን ተከተሉ። ከዚያ እንዲህ አድርጉ፦

- አፈር ግርጌው ላይ ከተቆለለ ጥረጉት። በልቅሶና በመታሰቢያ ቀን የሚፈሰው አመድና አፈር ለዓመታት ይከማቻል።
- መሬቱን ከሐውልቱ ወደ ውጭ አዝምሙት። ቦይ ካስፈለገ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ። መሠረቱን ተጠግታችሁ ከቆፈራችሁ ሐውልቱን ታዘሙታላችሁ።
- ግርጌውን በሲሚንቶ አትድፈኑ። መሬቱ መተንፈሻ ሲያጣ ውኃው ወደ ሐውልቱ ነው የሚወጣው። ጠጠር አልብሱት፣ ይበቃል።
- በስንጥቁ የበቀለ ዋርካ ወይም ሌላ ተክል ካለ አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋይ ነቅሎ ይወጣል። ከግንዱ ቁረጡት፣ እየበቀለ ሲመጣ ደጋግማችሁ ቁረጡት። ሥሩ ሲደርቅ በቀላሉ ይወጣል።
- በቅርብ ባሕር ዛፍ ካለ አዲስ አትጨምሩ። ነባሩን ስለመቁረጥ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ።

4. ስንጥቁን ለኩ

በስንጥቁ ጫፍና ጫፍ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ። በክረምት መጨረሻ ተመልሳችሁ እዩት። ከምልክቱ ካለፈ ሐውልቱ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው፤ ያኔ መሐንዲስ ይጠራ። ካልተንቀሳቀሰ አብሽሩ፣ አሮጌ ስንጥቅ ነው፣ መሙላት ትችላላችሁ።

5. አጽዱ፣ ግን በውኃ ብቻ

መጀመሪያ ድንጋዩን እወቁት። ከሥሩ ከወደቀው ፍርፋሪ ትንሽ ፈጭታችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ከፈላና አረፋ ካወጣ እምነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሲድ ያለው ነገር ሁሉ ይበላዋል። ዝም ካለ ምናልባት የእኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህን ሐውልቱ ላይ ሳይሆን ፍርፋሪው ላይ ብቻ ሞክሩ።

ድንጋዩን ቀድማችሁ አርጥቡት። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ በብሩሽ እጠቡ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች አለቅልቁ። ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው ደረቁን ድንጋይ እየበከለ መስመር ሠርቶ ይቀራል። ግራጫና ቢጫ ሆኖ የተለጠፈውን የድንጋይ ሽበት ካረጠባችሁ በኋላ በእንጨት መፋቂያ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። አልለቅ ካለ ተዉት። ሽበቱ ከሚያደርሰው ጉዳት በላይ እናንተ ስትታገሉ የምታደርሱት ይብሳል።

በረኪናና ኦሞ የምከለክለው ሁለቱም ድንጋይ ውስጥ ጨው ትተው ስለሚሄዱ ነው። ያ ጨው በሚቀጥለው ክረምት ይነሳል። የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ፊደሉን ይልጣል፣ የቀረው የሽቦ ስባሪም ዝጎ ድንጋዩን ያቀላዋል። ፊቱ ሲነካ የሚፈረፈር ድንጋይ ካለ አታጥቡት፣ ዝለሉት።

6. ኖራውን አዘጋጁ

በርሜሉ ውስጥ አስቀድማችሁ ውኃ አድርጉ። ኖራውን በወንፊት እየነፋችሁ ጨምሩ፣ እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን አማስሉ። ላዩን ጣት ያህል ውኃ አልብሱትና ክደኑት። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢከርም ደግሞ ይለሰልሳል፣ ይይዛል። ውኃ እስካለበሰው ድረስ አይበላሽም።

ማስጠንቀቂያ፦ ያልጠፋ (ተቃጥሎ ገና ውኃ ያልነካው) ድንጋይ ኖራ ካገኛችሁ ሌላ ነገር ነው። ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ይረጫል። ሁልጊዜ ኖራውን ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃ ኖራው ላይ አታፍስሱ፤ በርሜሉም የብረት ይሁን። የትኛውም ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ወራጅ ውኃ ቢያንስ 20 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ልጆች አጠገቡ አይድረሱ።

አሸዋውንም ፈትኑ። በሃይላንድ ፕላስቲክ እስከ ሲሶው አሸዋ አድርጉ፣ ውኃ ሙሉት፣ አናውጡት፣ አስቀምጡት። በማግስቱ አሸዋው ላይ የሚረጋው ጭቃ የአሸዋውን አንድ አሥረኛ ካለፈ አጥባችሁ ተጠቀሙ። ጭቃ ያለበት ሞርታር (የኖራና የአሸዋ ድብልቅ) ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ልኬቱ በባልዲ 1 እጅ የተቦካ ኖራ፣ ግማሽ እጅ የሸክላ ዱቄት፣ 3 እጅ አሸዋ ነው። ሸክላው ኖራው እርጥበት ባለበት ቦታም እንዲጠነክር ይረዳዋል። ውኃ ለመጨመር አትቸኩሉ፤ በአካፋ ደጋግማችሁ ደብድቡት፣ ራሱ ይለሰልሳል። በእጅ ስትጨብጡት ቅርጹን ይዞ ከቀረና መዳፋችሁ ላይ ካልተጣበቀ ደርሷል።

7. መገጣጠሚያዎቹን ሙሉ

ከፊት ሳይሆን ከጀርባ፣ ከታች በኩል ክንድ በምታህል ቦታ ሞክሩና አንድ ሳምንት ጠብቁ። ቀለሙ ካልተስማማ ወይም ከተሰነጠቀ እዚያው ታርማላችሁ።

የላላውን አሮጌ ሞርታር ቢያንስ ሁለት ጣት ጥልቀት ድረስ በእጅ ጥረጉት። ግራይንደር አይገባም፤ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል፣ የተበላ ጠርዝ አይመለስም። ቀድሞ የተለሰነ ሲሚንቶ ካለ የላላውን ብቻ አንሱ። ጥብቅ ብሎ የያዘውን፣ በተለይ ጽሑፉ አጠገብ ያለውን፣ ተዉት።

ውስጡን በብሩሽ ጥረጉ፣ ውኃ ርጩ። ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውኃ ይመጠውና ኖራው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። እርጥብ ይሁን፣ ውኃ ግን አይቋጥር። ሞርታሩን በቀጭኑ ብረት ወደ ውስጥ ግፉት። ጥልቅ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትሙሉ፤ በጣት ውፍረት እያደረጋችሁ፣ ትንንሽ ጠጠር እየሸጎጣችሁ፣ አንዱ ጠንከር ሲል ሌላውን ጨምሩ። ከድንጋዩ ፊት ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይለቅ። ድንጋዩ ላይ አታንጠባጥቡ።

ከዚያ ጆንያ አርጥባችሁ ሸፍኑት። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውኃ ርጩ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፤ ለዚህ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። በላስቲክ ከጠቀለላችሁት አየር አያገኝም፣ ለፀሐይ ከተዋችሁት እርጥበት ያጣል። የሠፈር ልጆች በተራ ውኃ ይርጩ፤ ከአንድ ሰው በላይ ደብተሩ ላይ ተራ ይያዝ፣ አለበለዚያ ገበያ ቀን ይረሳል።

ሲሚንቶ ለምን አይሆንም? ከኖራው በጣም ይጠነክራል፣ ውኃም እንደ ኖራ አያሳልፍም። ሐውልቱ በሙቀትና በእርጥበት ትንሽ ሲላወስ ኖራው ይሸከመዋል፤ ሲሚንቶው ግን እምቢ ይላልና የሚሰበረው ድንጋዩ ይሆናል። «ኖራው ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ልጨምር?» ትሉኛላችሁ። አትጨምሩ። ትንሽ ሲሆን ኖራውንም ያዳክመዋል፣ ሲሚንቶም አይሆንም።

8. ስሞቹን አትንኩ፣ አጠገባቸው ጻፉ

የደበዘዘ ፊደል በመሮ ደግሞ መቅረጽ ትልቁ ስህተት ነው። ድንጋዩ ይሳሳል፣ ፊደሉም የአዲሱ ሰው ፊደል ይሆናል። መጀመሪያውኑ በቀለም የተሞላ ከነበረና የቀለሙ ርዝራዥ በግልጽ ከታየ ብቻ በቀጭን ብሩሽ መሙላት ይቻላል። ካልነበረ አትቀቡ።

የተሻለው በደረጃ 2 የመዘገባችሁትን ስም ዝርዝር በአዲስ ሰሌዳ ጽፋችሁ ራቅ ብሎ በራሱ እግር ማቆም ነው። የማይነበበውን ስም ቦታ ክፍት ተዉለት፤ የሚያውቅ ዘመድ ከአዲስ አበባም ከጅቡቲም ሊመጣ ይችላል። ሰሌዳው ሐውልቱ ላይ ካልተሰቀለ አይሆንም ከተባለ ብሎኑ ድንጋዩን ሳይሆን መገጣጠሚያውን ይብሳ፤ ናስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

9. ብረቱ

አጥር፣ ሰንሰለት፣ የባንዲራ እንጨት ማቆሚያ። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ድንጋይ ውስጥ ከተቀበረም ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። የሽቦ ብሩሽ የሚገባው እዚህ ብቻ ነው። ድንጋዩን በጨርቅ ሸፍናችሁ ዝገቱን አራግፉ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ሲደርቅ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀቡ። ሥሩ ላይ ውኃ እንዳይቋጥር እዩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

- ለበዓል ይድረስ ብሎ በሦስት ቀን መጨረስ። ኖራ በዓል አያውቅም።
- ድንጋዩን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ዘይት ቀለም መቀባት። እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ከቀለሙ ጋር ፊቱ ይነሳል። ባንዲራው በዘንጉ ላይ ይሰቀል።
- እንዲያብለጨልጭ ቫርኒሽ መቀባት። ጉዳቱ ያው ነው።
- የወደቀውን ድንጋይ ለአጥር መውሰድ። ፊደል ያለበት ቁራጭ ሁሉ ጥራት ያለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ከየት እንደወደቀ ይጻፍበት።

10. ከዚያ በኋላ

በዓመት ሁለት ቀን ይበቃል። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን ጥረጉ፣ ቅጠሉን አንሱ፣ የበቀለውን ቁረጡ። መስከረም ላይ ከዚያው ቦታ ቆማችሁ ያንኑ ፎቶ አንሱና ካምናው ጋር አስተያዩት። ደብተሩን በሁለት ገልብጡት፤ አንዱ ቅሬው ዘንድ፣ አንዱ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ይቀመጥ። ፎቶዎቹን አንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አትተዉ፤ አሳትማችሁ ደብተሩ ውስጥ ለጥፉ።